ለሃያ ስምንት ልጅ አንድ ሜዳ

ጥቅምት 9

ለወንድሜ፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። ባለፈው እሑድ በዓይኔ አይቼሃለሁ፤ ደህና ነህ። እንዲያውም ወፍረሃል። ከሜዳው ዳር ቆመህ እጅህን ስታወናጭፍ፣ ስትጮህ፣ ዳኛውን ስትለማመጥ ቁጭ ብዬ ሳይህ ነበር።

«እዚህ ድረስ መጥተሽ ሳታናግሪኝ ለምን ሄድሽ?» ብለህ በባለቤትህ ስልክ መልእክት ልከህብኛል። እመልስልሃለሁ፤ በስልክ ግን አይደለም። በስልክ ስናወራ ታስቀኛለህ፣ እኔም የተናደድኩበትን ነገር እረሳዋለሁ። ከልጅነትህ ጀምሮ ከስንት ጥፊ ያመለጥከው በዚህ ዘዴ ነው። በወረቀት ላይ ግን እኔ ስናገር አታቋርጠኝም።

ሳልነግርህ የመጣሁት አንተ ጋ ያለችውን ልጄን ላስደስታት ብዬ ነበር። የስፌት ቤቴን ዘጋሁ። ቀሚስ ልትወስድ የመጣችውን ደንበኛዬን «ነገ ነይ፣ ዛሬ ልጄ ኳስ ትጫወታለች» ብዬ አፌን ሞልቼ መለስኳት። የሲሚንቶው ደረጃ ላይ ቦታ ይዤ ቁጭ አልኩ። ቡድንህ ወደ ሜዳ ገባ። አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፤ ልጄ፣ የኔ ፌንጣ፣ የለችም። ተቀያሪ ትሆናለች ብዬ ወንበሩን አየሁ፤ እዚያም የለችም። አሟት ይሆን ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ከዚያ ከእኔ ዝቅ ብሎ፣ ደረጃው ላይ፣ ቱታ ለብሰው የተደረደሩ ልጆች አየሁ። የኔዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሚጫወቱትን ልጆች ቦርሳ ትጠብቃለች።

አጠገቤ የነበረችውን እናት «እነዚያ ልጆች ምንድን ናቸው?» አልኳት።

«የቡድኑ ናቸው፤ ግን አይገቡም» አለችኝ።

«መቼ ነው የሚገቡት?»

«እንጃ እህቴ። ያች ባለ መነጽሯ የኔ ናት። አምናም እዚያው ነበረች። ያው እንጠብቃለን።»

ይህን የነገረችኝ ስለ አውቶቡስ ሰልፍ የምታወራ ያህል ነው። በዚህ መሀል ልጄ ዞር ስትል አየችኝ። መጥታ ታቅፈኛለች ስል፣ እንደተያዘ ሌባ ደነገጠች። ወርጄ አጠገቧ ስቀመጥ «ዛሬ ብቻ ነው እማዬ» አለችኝ፣ አፍንጫዋን እያሸች። ስትዋሽ አፍንጫዋን እንደምታሽ አንተም ታውቃለህ።

ያን ጊዜ መጥቼ ባናግርህ ኖሮ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጉድ ይፈላ ነበር። ልጄ እንዳታፍር ብዬ ነው አንገቴን ደፍቼ የሄድኩት፤ ላንተ ብዬ አይደለም። ስደውልልህ ሁሌ «እያደገች ነው፣ አታስቢ» ነበር መልስህ። ምኗ ነው ያደገው? ቁመቷ ከሆነ እዚህም ያድግላት ነበር።

እህትህ

*

ጥቅምት 17

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስታገኚኝ በጥፊ እንደምትዪኝ ገብቶኛል፤ ጉንጬን አዘጋጅቻለሁ። በመጀመሪያ ይቅርታ። ይቅርታ የምልሽ ግን ስላልነገርኩሽ ነው እንጂ በሥራዬ ላይ ያጠፋሁት ነገር ኖሮ አይደለም።

«ስንት ልጅ ነው የሰበሰብከው?» ብለሽ ባለቤቴን ጠይቀሻታል። እሷ ከምትጨነቅ እኔ ልንገርሽ፤ ሃያ ስምንት ናቸው። ለአንድ ጨዋታ ማስመዝገብ የሚፈቀድልኝ አሥራ ስምንት ብቻ ነው። የቀሩት ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ክለቡ ይህን የሚያደርገው ለክፋት አይደለም። ልጅ ይታመማል፣ እግሩ ይጎዳል፣ ቤተሰብ ሰፈር ይቀይራል። ዓመቱ አጋማሽ ላይ ሰው ጎደለኝ ብሎ የሚያለቅስ አሰልጣኝ አይቻለሁ። ደግሞ አልደብቅሽም፤ የሜዳው ኪራይ የሚከፈለው ወላጅ በሚያዋጣው ነው። ልጅ በበዛ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ እንቅልፍ ይተኛል።

እትዬ፣ ልጅ የሚያድገው በጨዋታ ብቻ አይደለም። ልምምድ አለ። ከእሷ ከሚበልጡ ጋር ተጋፍታ መጠንከር አለባት። ፉክክር ነው ተጫዋች የሚያወጣው። ፌንጣ ገና አልበሰለችም፤ ትበስላለች። የክለቡ ስም ራሱ ነገ በር ይከፍትላታል። ደግሞ አስቢልኝ፤ የእህቴን ልጅ ከሌሎቹ አስቀድሜ ባስገባት ወላጆቹ ምን ይሉኛል? እሷስ በጓደኞቿ መሀል በምን ዓይኗ ትቆማለች?

ለአባቷ አትንገሪው። መንገድ ላይ ሆኖ፣ ያን የሚያህል መኪና እየነዳ አይናደድ። እኔ አስተካክለዋለሁ።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 25

ለአቶ አሰልጣኝ፣

ደብዳቤህን አንብቤ የጀመርኩትን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ሁለተኛውን ደግሞ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ይሄ በአንተ ሂሳብ ይያዝ።

ልምምድ አለ ትላለህ። ልጄን ደውዬ «ልምምድ ላይ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳት። «ደህና ነው» ብላ ልታልፈኝ ስትል፣ እናት ነኝና ደግሜ ጠየቅኳት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «አንዷ ትመታለች፣ እኛ እንሰለፋለን። ተራዬ እስኪደርስ ላቤ ይደርቃል።» ከዚያስ አልኳት። «ከዚያ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ይገጥማሉ።» የቀራችሁትስ? «እኛ ሜዳውን እንዞራለን። ሲደክመን ኳስ እንለቅማለን።»

ሜዳ ለመዞር ነው ልጄን ከጉያዬ አውጥቼ የሰጠሁህ? እዚህ ሰፈሩን መዞር ትችል ነበር፤ ሲመሽ ወደኔ ትመጣ ነበር።

ፉክክር ትላለህ። ከማን ጋር ነው የምትፎካከረው? ኳስ ነክታ አታውቅ! ሰው ከሜዳ ውጪ ተቀምጦ ሜዳ ውስጥ ያለውን እንዴት ነው የሚበልጠው? በመመኘት? የክለቡ ስም በር ይከፍትላታል ብለሃል። በሩ ተከፍቶ ስትገባ ምን ልታሳያቸው ነው? ቱታዋን?

ሰው ምን ይለኛል የሚለውንም አንብቤዋለሁ። የእህትህን ልጅ አስቀድም ብዬ አልጠየቅኩህም፣ አልጠይቅህምም። የባለ መነጽሯም እናት ልጅ ናት የወለደችው። እኔ የምልህ ሌላ ነው፤ የማታጫውታትን ልጅ ለምን ትወስዳለህ? «ቦታ የለኝም» የሚባል ቃል አለ። አፍህን አያቆስልም።

አባቷ ልጁን እሺ ብሎ የለቀቃት አንተን አምኖ መሆኑን አትርሳ። እዚህ የትምህርት ቤቱ መምህር የሚያሰለጥነው ቡድን ሁሌ እየተሸነፈ ነው፣ እዚያ ከአጎቷ ጋር ትልቅ ቦታ ትደርሳለች ያልከው አንተ ነህ። ሳሎናችን ውስጥ፣ ሶፋው ላይ፣ እግርህን አነባብረህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህና ላብቃ። በከተማው ሌላ ቡድን የለም? ልጅ ያልበዛበት? ይሄንን ስጠይቃት ነው ድምጿ የጠፋው። እሷ ካልነገረችኝ አንተ ንገረኝ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም።

እህትህ

*

ኅዳር 8

ለእትዬ፣

ለመልስ በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ጨዋታ ተደራርቦብኝ ነው። ባለቤቴ በጣም ሰላም ብላሻለች። ልጅቷ ጤነኛ ናት። ትምህርቷንም ይዛለች፤ የሒሳብ አስተማሪዋ አመስግኗታል።

«ምን ብታደርጋት ነው ስልክ ላይ እንዲህ የቀዘቀዘችብኝ?» ላልሽው፣ የሆነውን ልንገርሽ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ይሻላል።

እነዚያ ደረጃው ላይ የሚቀመጡት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ከክለቡ ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ መጫወት ጀምረው ነበር። ጃኬታቸውን ጎል አድርገው አምስት ለአምስት። ያደራጀቻቸው ፌንጣ ናት። ከቢሮው መስኮት ላይ ሆኜ አየኋቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለስብሰባ እየተጠራሁ እግሬ እምቢ ብሎኝ ቆሜ ቀረሁ። ያች ልጅ፣ እንዴት እንደምትጫወት! በሁለት መኪና መሀል ሾልካ ትወጣለች፣ ትጮሃለች፣ ታዛለች፣ ትስቃለች። እኔ ጋ መጥታ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ የአንድ ወላጅ መኪና መስታወት ተሰበረ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ከነገ ጀምሮ እዚያ አካባቢ ኳስ እንዳላይ። አንዷ ልጅ ብትጎዳ ማን ነው የሚጠየቀው?» አለኝ። ሄጄ ከለከልኳቸው። ሌሎቹ አጉረመረሙ። እሷ ጃኬቷን ከመሬት አንስታ አራገፈችና «እሺ ኮች» አለችኝ።

ክለቡ ውስጥ ኮች፣ ቤት ውስጥ አጎቴ ነበር ስምምነታችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤትም ኮች ሆኛለሁ። ጨው አቀብዪኝ ስላት «እሺ ኮች»። ደህና እደሪ ስላት «እሺ ኮች»። ባለቤቴ መጀመሪያ ስትስቅ ነበር፤ አሁን አትስቅም።

ስለ ሌላ ቡድን ያነሳሽውን በአካል ስንገናኝ እናወራዋለን። በደብዳቤ የሚሆን አይደለም።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 14

«ደረሰች ወይ?» ለሚለው መልሴ አዎ ነው። ልጄ እኔ ጋ ናት። ፍለጋህን አቁም። ባለቤትህንም ተኚ በላት፤ ስታለቅስ እንዳደረች ሰምቼ አዝኛለሁ። ለአንተ አላዘንኩም።

ብቻዋን ትኬት ቆርጣ፣ ቦርሳዋን አዝላ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያን ሁሉ መንገድ መጣች። የስፌት ቤቱ በር ላይ ስትቆም መጀመሪያ ደንበኛ መስላኝ «ግቢ» አልኳት። ቀና ስል እሷ ናት። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ» አለችኝና ሁሉንም ነገረችኝ።

በደብዳቤ የማይሆነው ነገር ይሄ ነበር አይደል? እኔ በደብዳቤ እንዲሆን ላድርግልህ።

ገና መስከረም ላይ አንዲት አሰልጣኝ፣ ልጆቹ ረጅሟ የሚሏት፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልጄን አይታ «እኔ ጋ ብትመጣ ትጫወታለች» ብላሃለች። አሥራ ስድስት ልጅ ብቻ ነው የያዘችው፤ ከዚያ በላይ አልይዝም የምትል ሴት ናት። ልጄ ለምናሃለች። ሳሎን ውስጥ፣ ባለቤትህ ገበያ በሄደችበት፣ «አጎቴ ልቀቀኝ» ብላ ለምናሃለች። አንተ ምን አልካት? «አንቺን ከለቀቅኩ ሌሎቹም ልቀቀን ይላሉ። የገዛ እህቱ ልጅ ያልቆየችበት ክለብ ይሉኛል።» መልቀቂያውን አልፈርምም አልካት። ይህም አልበቃህም፤ «ለእናትሽ አትንገሪ፣ ታዝናለች» አልካት።

ልጄን መዋሸት አስተማርካት። ኳስ ልታስተምራት ወስደህ፣ እኔን መዋሸት አስለመድካት። ስደውል «ተጫወትን፣ አሸነፉ፣ ደህና ነኝ» ስትለኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንደነበር አሁን ነው የነገረችኝ። አንተ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብለህ ቴሌቪዥን ታያለህ!

ልጄን ደረጃው ላይ ያስቀመጥካት ስላልበሰለች አይደለም። ማስታወቂያ አድርገሃት ነው። የባለ መነጽሯ እናት «ያው እንጠብቃለን» ያለችኝ፣ የአሰልጣኙ የእህት ልጅም ትጠብቃለች ብላ ነው። እሷን እያየች ነው የምትጽናናው። ገባህ? የእኔ ልጅ ሌሎቹ እንዳይነሱ የተቀመጠች ናት!

ያለ አንተ ፊርማ ዘንድሮ የትም መጫወት አትችልም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው አሉኝ። በዚህ ዕድሜዋ አንድ ዓመት ሙሉ መቀመጥ ምን እንደሚያደርጋት ለአሰልጣኝ እኔ ነኝ የማስረዳው?

አባቷ ለዕረፍት ቅዳሜ ይገባል። ለእሱ ምን እንደምለው አንተ ምከረኝ። ዘዴ አታጣም።

አትምጣ። ፈርመህ ላክ።

*

ኅዳር 27

ለእትዬ፣

መልቀቂያው ከዚህ ጋር አለ። ተፈርሟል፣ ማኅተሙም አለበት። መጀመሪያ ይሄን አንብቢልኝ ብዬ ነው ሰላምታ ያልጻፍኩት።

«ምን ነካህ?» ብለሽ በባለቤቴ በኩል ጠይቀሽኛል። ፈራሁ። ሌላ መልስ ፈልጌ ነበር፤ ቀን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ የጻፍኩትን ሁሉ ቀደድኩት። ሥራዬን ፈራሁ። ሥራ አስኪያጁ ዓመቱ ሲጀመር «ከሃያ ስምንት አንድ ቢጎድል ከአንተ ነው የማየው» ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ሃያ በቂ ነው ልለው ፈልጌ ነበር። አፌ ውስጥ ነበረ ቃሉ። ዋጥኩት።

የፈራሁት አልቀረም። ፌንጣን መልቀቄ በተሰማ ማግስት የባለ መነጽሯ እናት ቢሮ መጣች። አልተቀመጠችም። «ለእህትህ ልጅ ያልሆነ ክለብ ለኔ ልጅ እንዴት ይሆናል?» አለችኝ። ማኅተሙን አውጥቼ ፈረምኩላት። ከሰዓት ሌላ እናት መጣች፣ ከዚያ አባት። ሰባት ፈረምኩ። ሥራ አስኪያጁ በሩን በርግዶ ሲገባ ማኅተሙ እጄ ላይ ነበር።

«አንተ አሰልጣኝ ነህ ወይስ ዘበኛ? በሩን ከፍተህ ነው እንዴ የምታስወጣቸው?»

«አይጫወቱም እኮ» አልኩት።

«ከፍለዋል!»

«እሱን ነው የምልህ» አልኩት። «ከፍለው አልተጫወቱም።»

ማኅተሙን ነጠቀኝ። እኔም ፊሽካዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። ጀግንነት አድርገሽ እንዳታዪው፤ ቤት ስደርስ አስመለሰኝ።

ከዚያ ልጆቹን ይዤ ረጅሟ ጋ ሄድኩ። አንዷ ልጅ ከተማ ስለለቀቀችባትና የፌንጣንም ቦታ ስላቆየች ሁለት ብቻ እንደጎደላት ነገረችኝ። ሁሉንም ውሰጂልኝ ብዬ ለመንኳት። «እንደ አንተ ልሁን?» አለችኝ። ልጆቹ እየሰሙ። ከሰባቱ አንዷን ብቻ ወሰደች፤ የቀሩት እስካሁን ቦታ የላቸውም፤ የአንዷ አባት መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። አልፈርድበትም።

ቦታዋ ይጠብቃታል። ትመለስ ይሆን? እኔ ቤት መኖር ካልፈለገች ባለቤቴ እህቷ ጋ ታሳርፋታለች። እኔ ዓይኗ ሥር ሳልደርስ።

አባቷ ምን አለ?

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 21

ለወንድሜ፣

«አሁንም ተቆጥተሽብኛል ወይ?» ብለህ ልከሃል። አዎ። ቁጣዬ እንደ ቧንቧ ውሃ የሚዘጋ መስሎሃል? ጠዋት ይነሳብኛል፣ ልብስ ስተኩስ ይነሳብኛል። ሥራህን ማጣትህ አሳዝኖኛል፤ ስታስመልስ ታየኝና ሆዴ ባባ። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ይቀመጣሉ። ታገሠኝ።

አባቷ የነገርኩት ዕለት ተነስቶ መኪናውን ለማጠብ ወጣ፤ የታጠበ መኪና ሲያጥብ ዋለ። ሲገባ «ሁለተኛ ማንም ስለ ልጄ ነገ እንዳይነግረኝ። ዛሬ ምን እንደምትሠራ ይንገረኝ» አለ። ከእሱ ጋር ለመታረቅ ራስህ ትመጣለህ፤ አሁን ግን አይደለም።

እሷ አትመለስም። ጠየቅኳት፤ «ቦታዬን ለባለ መነጽሯ ስጡልኝ» አለች። ሰጥተዋታል አሉ፤ እናቷ ደውላልኝ ነበር። የቀሩትን ልጆች ነገር ግን አንተ እንደምንም ብለህ ተከታተል። ፈርሜ አስወጥቻለሁ ብለህ እጅህን እንዳትታጠብ። ሌላ ቡድን ከቀጠረህ ደግሞ መጀመሪያ ስንት ልጅ እንደምትይዝ ተናገር፤ ደመወዝህን ከመጠየቅህ በፊት።

እዚህ የመምህሩ ቡድን ውስጥ ገብታለች። አሥራ አራት ናቸው። ሜዳቸው በአንድ በኩል ያዘመመ ነው፤ ኳሱ ብቻውን ይንከባለላል። ቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታዋ ነበር። አባቷም መጣ።

እኔ ምን እንደማይ አላወቅኩም ነበር። አንተ አልበሰለችም ስላልክ፣ ውስጤ ባትችልስ የሚል ነገር ነበር፤ አልዋሽህም። ጥሩ ጀመረች። ከዚያ ከራሳቸው ጎል ፊት ለፊት ኳሱን ይዛ አንዷን ልታታልል ስትል ልጅቷ ነጠቀቻትና አገባችባቸው። እንዲያው በእሷ ጥፋት፤ ሰው ሁሉ አየ። ከኋላዬ አንዱ «አውጣት!» ብሎ ጮኸ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አሁን ትወጣለች፣ ዳግመኛም አትገባም ብዬ። መምህሩ ከተቀመጠበት እንኳ አልተነሳም። «ኳሱን አምጥታችሁ ቀጥሉ!» አለ። በቃ። እስከ መጨረሻ ተጫወተች። ደግማም ተነጠቀች። ሦስተኛው ላይ ግን ያችኑ ልጅ አታልላ አለፈች፤ አባቷ እኔን ረግጦ ነው የተነሳው።

ቤት ገብታ አላርፍ አለች። የክር ጥቅሎቼን ወለሉ ላይ ደርድራ «እማዬ እዪ፣ እኔ እዚህ ነበርኩ፣ እሷ እዚህ። በግራ እግሬ ብይዛት ኖሮ…» ትለኛለች። ስለ ስህተቷ ስታወራ አመሸች። እኔ ሳያት ምን ገረመኝ መሰለህ? አንተ ጋ በቆየችበት ጊዜ ሁሉ የምትሳሳተው ነገር እንኳ አልነበራትም።

ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ስቀመጥ «ለአጎትሽ ምን ልበለው?» አልኳት። የምታኮርፍ መስሎኝ ነበር።

«ተሸነፍን በይው» አለችኝ፣ እየሳቀች።

ሰማህ? ተሸነፍን። አንተ ጋ ሳለች ስታሸንፉ እንኳ «አሸነፉ» ነበር የምትለኝ።

እህትህ